ከዝርዝሩ ውጭ የተገኘው ደብዳቤ

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ዳንግላ ውስጥ በአንድ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኞች የሚፈተኑበትን ቁም ሣጥን እጠብቅ ነበር። አርባ ፋይሎች ነበሩበት፤ ደብዳቤዎቹ ለፈተና የተጻፉ ቢሆኑም ማኅተማቸው የእውነት ነበር። ተፈታኙ ዐሥር ደብዳቤዎችን በየፋይላቸው ያስገባል። እርሱ ሲወጣ እኔ ዐሥሩን አውጥቼ ሣጥኑን እንደ መጀመሪያው አደርገዋለሁ፤ የሚቀጥለው በዚያው ሣጥን እንዲፈተን። አንዳንዶች ለጓደኞቻቸው ቁራጭ ወረቀት ይደብቁ ስለ ነበር፣ ቁጥሩ በዝርዝሬ ላይ ያልተገኘ ወረቀት ሁሉ ምድጃ ይገባል።

አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነው፤ ፊደልን ለብቻዬ የለየሁት በስተርጅና ነው። ስለዚህ በቁጥር እንጂ በንባብ አላመሳክርም ነበር።

ሽቱ የምትባል የጥሊሊ ሴት በራችን ላይ ትውል ነበር። ልጇ ሀብቱ ከታሰረ አራት ወሩ ነው። የመፈቻው ትእዛዝ ከደብረ ማርቆስ እንደሚመጣ የፈተናው ኃላፊ አዱኛ ነግሯታል።

ማክሰኞ ረፋድ፣ አትክልት የተባለች ልጅ ስትፈተን ፖስታ መጣ። አዱኛ ከፈተው፤ ወዲያው ለስልክ ተጠራና ደብዳቤውን በፈተናው ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ። አትክልት ከፈተናው አንዱ መስሏት «እስረኞች» በሚለው ፋይል አስገባችው።

እርሷ ስትወጣ ሣጥኑን መመለስ ጀመርሁ። አንዱ ቁጥር ዝርዝሬ ላይ የለም። ሁለት ጊዜ አመሳከርሁ፤ ስሙን ግን አላነበብሁም። አቃጠልሁት።

አዱኛ ተመልሶ ጠረጴዛውን ዳሰሰ። «ጓድ እንየው፣ እዚህ የነበረው ደብዳቤስ?»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

ነገረኝ። ወደ ምድጃው አመለከትሁት።

«የሀብቱ መፈቻ እኮ ነው!» ብሎ ወደ ስልኩ ሮጠ። ደብረ ማርቆስ ግልባጭ እንልካለን አሉ፤ ወህኒ ቤቱ ያለ ወረቀት ሰው አንለቅም አለ።

ወደ በሩ ወጣሁ።

«አያ እንየው፣ መጣ?» አለች ሽቱ እየተነሣች።

«መጥቶ ነበር። እኔ አቃጠልሁት።»

ሳቀች። «እርስዎም ቀልድ ጀመሩ!» ከዚያ ፊቴን አየችው። «አንብበውት ነው?»

«አላነበብሁትም።»

«ማንበብ ቻልሁ ብለው ለአገር ሁሉ ሲያወሩ አልነበር?»



ሐሙስ ንጋት ላይ ሀብቱንና ሌሎች ስድስት እስረኞችን በመኪና ወሰዷቸው። በማግስቱ ሽቱ የልጇን ልብስ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ አላየኋትም።

ግልባጩ ሰኞ ደረሰ። አዱኛ ዓይኔን ሳያይ ሰጠኝ። ተቀምጬ ከቀኑ እስከ ፊርማው፣ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ «እስረኞች» በሚለው ፋይል አስገባሁትና ቁጥሩን በዝርዝሬ ግርጌ ጻፍሁ። አዱኛ አየ።

ከዚያ ወዲያ፣ ተፈታኝ በወጣ ቁጥር ሣጥኑን እንደ መጀመሪያው ስመልስ፣ የሀብቱንም ግልባጭ አንብቤ በቦታው አኖረው ነበር።