ራሟን እንዳትነካት

እታለም ሰው አታምንም። ታናሽ እህቷም፣ ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም እታለም ስለሚላት እኛም እንደዚያው እንበላት። ሱቅ ስትገዛ ጎንበስ ብላ ሚዛኑን ታያለች። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስዳ ታስመሰክራለች። ልብስ ለላውንደሪ ሰጥታ ስትቀበል ቁልፉን ትቆጥራለች። ክፉ ሰው ናት ማለቴ አይደለም፣ እግዜር ያሳያችሁ! እናታቸው ስትሞት ያቺን ታናሿን ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ተቀብላ ያሳደገች፣ ያስተማረች፣ የዳረች እሷ ናት። ዓይኗ ግን አያርፍም።

ከሁሉ የባሰው የታናሿ ባል ነገር ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ። እሱ ዝምታው ነው ያስጠላት። «የሚደብቀው ነገር ባይኖር ምን ዝም ያሰኘዋል?» ትላለች። አንድ ቀን ሰዓቷ ከጠረጴዛ ላይ ጠፋባትና ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ መርጣ እሱን አየችው። ሰዓቱ የገዛ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ያን ዕለት ታናሿ «እታለም፣ እናቴም እህቴም አንቺ ነሽ። ግን ደግመሽ ባሌን በሌባ ዓይን ብታዪው እግሬን ከቤትሽ አነሳለሁ። የምሬን ነው» አለቻት። እታለም ደነገጠች። ይህቺ ልጅ ከቀረችባት ማን አላት?

እንግዲህ ኮምፒውተሩም ጊዜ አይቶ ነው የተበላሸው። እታለም ጥልፍ ቤት አላት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አርማ ትጠልፋለች። የጥልፍ መኪናዋን የሚያዘው ስክሪኑ ጀርባው ያበጠ፣ ድሮ ነጭ የነበረ፣ አሁን የሻይ መልክ ያወጣ ዴስክቶፕ ነው። የጥልፉ ፕሮግራም አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራም ብሎ ስላስቸገረ ያንን አሮጌ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች። ሃርድ ዲስኩ ሲሞት ታናሿ «ባሌ ሌላ ገጥሞ ዊንዶው ይጭንልሻል» አለች። እምቢ ብትል ያው ጠብ ነው። እሺ አለች።

እሺ ብላ ግን መች አርፋ! ጠጋኞች ደህናውን ዕቃ አውጥተው የወደቀ ይከቱበታል ሲባል ሰምታለች፤ በተለይ ራም የሚሏትን፣ ከማበጠሪያ የማትበልጥ ቀጭን ካርድ። ስለዚህ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ክዳኑን ፈታች፣ የሚነቀለውን ሁሉ እየነቀለች በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችበት። ራሟን ግን ከላይ መቀባት አልደፈረችም። ምልክቱን አይቶ እንዳይነቃባት ብላ ከታች፣ ወደ ውስጥ በሚገባው ጫፏ ላይ ቀባችና ሳይደርቅ መልሳ ሰካቻት። ክዳኑን ስትገጥም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ባልዬው በማግስቱ መጣ። ሃርድ ዲስኩን ገጠመ፣ ሲዲውን ከተተ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ጭነቱ የት እንደደረሰ የምታሳየው ቢጫ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች። እታለም ከጀርባው ወንበር ስባ ክር ትጠቀልላለች። ክሩ ሰበብ ነው፤ ዓይኗ እጁ ላይ ነው።

መስመሯ ግማሽ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ፋይል መገልበጥ አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ መጣ። እንደገና አስነሳው፤ አሁን ደግሞ ገና ከመጀመሯ ቆመች። ሲዲውን ወለወለ፣ ሌላ ሲዲ ሞከረ፣ የሲዲ ማጫወቻውን ቀየረ፤ ወይ ፍንክች! ገመዱን ቀይሮ አሮጌውን ወደ ቦርሳው አስጠጋው።

«ያ ገመድ ወዴት ነው?»

«እንዳይምታታብኝ ገለል ላድርገው ብዬ ነው፣ እታለም።»

«እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ይሁን። ምን አስቸኮለህ?»

ጠረጴዛው ላይ አደረገው። መሀል ላይ ደንበኛ መጣና እታለም እስከ በሩ ሸኝታ ተመለሰች። ስትመለስ ባልዬው አንገቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀብሯል። 

«በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው» አለ አገጩን እያሸ። «ሲዲው ቢሆን አንድ ቦታ ላይ በቆመ ነበር። እስቲ ራሟን ልያት።»

እታለም ብድግ ስትል ክሩ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ይኸው! ይቺን ነበር የምጠብቀው! ራሟን እንዳትነካት!»

«ካልነካኋት እንዴት አውቃለሁ?»

«ቅድም ደንበኛ ስሸኝ ቀይረሃታል! አሁን ደግሞ ‹ተበላሽታለች› ልትለኝ ነው።»

«እታለም፣ ይቺ እኮ አሮጌ ናት። መንገድ ላይ ብትወድቅ የሚያነሳት የለም።»

«አሮጌ ስለሆነች ነዋ! አሮጌ ዕቃ እንደሆነ ዛሬ አይገኝም!»

ባልዬው እጁን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ጭኑ ላይ አደረገ።  ዝምታው ይበልጥ አነደዳት። ስልኳን አንስታ ለማን ብትደውል ጥሩ ነው? ንዴት ዓይኗን ጋርዶት ለዚያችው ለታናሿ! «ነይ፣ የባልሽን ጉድ እዪ!»

ታናሿ ከምትሠራበት ፋርማሲ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች እያለከለከች ደረሰች። ባሏ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ራሟን በሚስትህ ፊት አውጣት!» አለች እታለም። «የኔ ከሆነች ጫፏ ላይ ቀይ ምልክት አለባት። ከሌላት ግን እንተዛዘባለን።»

ባልዬው ማያዣዎቹን ገፋ አድርጎ ራሟን ሳብ አደረጋትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። ምልክቱ አለ። ቀዩ ቀለም ወርቃማ ጥርሶቿ ላይ ፈስሶ ደርቋል።

«በሽታው ተገኘ» አለ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ። «ከኮምፒውተሩ ጋር የምትገናኘው በነዚህ ጥርሶች ነው። ቀለሙ ዘግቷቸዋል።»

 ታናሿ ራሟን ከባሏ እጅ ተቀብላ ቀለሙን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው።

«መቼ ነው የቀባሽው?»

«ትናንት... እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ...»

«ገና ሳይመጣ።»

«ሚጣዬ፣ ስሚኝማ...»

«ገና ደጃፍሽን ሳይረግጥ ሌባ አደረግሽው።» አልጮኸችም። ብትጮህ ለእታለም በተሻላት ነበር። «ጨርሶልሽ ይውጣ፣ ውጭ እጠብቀዋለሁ» አለችና በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ባልዬው የእታለምን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለምኖ ጥርሶቹን ጠረገ፣ በላጲስ ፈተገ፣ ራሟን መልሶ ሰካ። ቢጫዋ መስመር ግማሹን አለፈች፣ ሞላች። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የጥልፉን ፕሮግራም ጫነና መኪናው ተነሣ፤ መርፌው አርማውን ጠቅ ጠቅ ያደርገው ጀመር። ሌላ ቀን ቢሆን እታለም በደስታ ባበደች። አሁን ግን ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

«እባክህ አንድ ነገር በልልኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተን ትሰማለች።»

«እላታለሁ» አለ።

ከዚያ ቦርሳውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዚፑን ከፈተ። ካቻቪቴዎቹን አወጣ፣ ሲዲዎቹን አወጣ፣ ገመዶቹን፣ የምሳ ዕቃውን፣ ፎጣውን። ቦርሳውን ዘቅዝቆ አራገፈው። የጃኬቱንም ኪስ ገለበጠ። የጠየቀው ሰው የለም።

«ኧረ ተው! ምን ማድረግህ ነው? በሞቴ መልሰው!» እታለም ፊቷ ጋለ።

«ዛሬ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ነው፣ እታለም።»

አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። «እኔ እንደሱ አላልኩም» እያለች እጇን ታወናጭፋለች። ዓይኗ ግን ከካቻቪቴው ወደ ሲዲው፣ ከሲዲው ወደ ገመዱ ይሄዳል። ሊመለስላት አልቻለም። ገመዶቹ ላይ ትንሽ ቆየ።

ቀና ስትል ታናሿ ከበሩ ላይ ዞራለች። የምታየው የተዘረገፈውን ዕቃ አይደለም፣ የእታለምን ዓይን ነው። ገባችና የባሏን ዕቃ አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሰች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ክንዱን ያዘች።

«ደህና ዋይ፣ እታለም» አለ ባልዬው።

ታናሿ ወደ ኋላዋ ሳታይ ወጣች።