በመንጋጋው የሚሰማው

ዝናብ ሲዘንብ ዲላን እጠላታለሁ። የቆርቆሮው ጩኸት የቀረኝን ትንሽ መስማት ጠራርጎ ይወስደዋል። ጆሮዬ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ ከታወቀብኝ ማስተማሩ ይቀርብኛል ብዬ ስለፈራሁ፣ ፈገግ እያልኩ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ እዚህ ደርሻለሁ።

ያን ቀን ኤልቤቴል የመመረቂያ ጥናቷን ታቀርባለች። የኮቸሬ ልጅ ናት፤ አማካሪዋ እኔ ነኝ፤ ድምፅዋ ደግሞ ከከንፈሯ አይርቅም። መቀመጥ አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። ልትጀምር ስትል ዶፉ ወረደ።

ርዕሷ ሞርጋኑኮዶን ነው፤ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ አይጥ የሚያክል የአጥቢዎች ዘመድ። ድንጋይ ውስጥ የተገኙት የራስ ቅሎቹ እንደሚያሳዩት፣ ዛሬ በእኛ ጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን አጥንቶች ያኔ ገና ከመንጋጋው ጋር የተያያዙ ነበሩ። በመንጋጋው እየሰማ ኖሯል። ምን እዋሻለሁ፣ ቀናሁበት።

ስላይዶቿ ከዳር እስከ ዳር በጽሑፍ ታጭቀዋል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ተማሪዎቼ ሁሉ ይህ አመል ተጋብቶባቸዋል፤ ስንቴ ተቆጥቻለሁ። እየተናደድኩም ቢሆን እያነበብኩ ተከተልኳት። ስትጨርስ ፈታኟ ዶክተር መነን ወደ ስላይዱ እያመለከተች አንድ ነገር ጠየቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ኤልቤቴል ክው አለች። መነን ብዕሯን አንስታ የውጤት ፎርሙ ላይ መጻፍ ጀመረች። ደንግጬ አጠገቤ የተቀመጠውን መምህር ነብዩን ምን እንዳለች ጠየቅኩት። ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ ሥራው ከሌላ ሰው የተገለበጠ ነው ወይ ስትል አዎ እንዳልኳት ነገረኝ።

ተነሳሁ።

“ጥያቄሽን አልሰማሁም” አልኩ። “ሁለት ዓመቴ ነው፣ በደንብ አልሰማም። ሥራው የራሷ ነው፤ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ አይቼዋለሁ።”

መነን ብዕሯን አስቀመጠች። ወደ ኤልቤቴል ዞራ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ነብዩ፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ስላይዱ ላይ ለምን አስፈለገ እያለቻት ነው አለኝ።

ኤልቤቴል ለመነን ስትመልስ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር። ከንፈሯን ማየት እንድችል ቀስ እያለች ተናገረች።

“መምህር እንዲያነቡት ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁላችንም ለእሳቸው እንደዚህ ነው የምንሠራው።”