ማሽኑ የማያየው ቀለም

ባለፈው ጊዜ ጉሮሮዋን የዘጋው መድኃኒት የትኛው ነው?

ጥያቄው የሐኪሙ ነበር፤ መልሱ የሚጠበቀው ግን ከልጅቱ። እናቷ በትኩሳት ትቃጠላለች፤ ዓይኗን ብትገልጥም ማንንም አታይም። ኢንፌክሽኑ ከኩላሊቷ ተነሥቶ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ይህን የሚመክቱ ሁለት ጠንካራ መድኃኒቶች አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ከሁለቱ አንዱ ሊገድላት ደርሶ ነበር። የትኛው እንደሆነ እስኪታወቅ በሌላ፣ ደካማ መድኃኒት ትቆያለች።

ልጅቱ ያኔ ባሕር ማዶ ትማር ነበር። ስትደውል እናቷ ድምፅዋን አጥርታ «ጉንፋን ቢጤ ነው» ትላት ነበር፤ ዘመድ አዝማዱም ፈተናዋን እንዳይረብሽባት አፉን ለጉሞ ከረመ። በቤታቸው ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው አይነገርም። ከተመለሰች አራት ወር ሆኗታል፤ ያኔ የተደበቃት ግን ገና አልደረሳትም።

ያስታመመቻት አክስቷ ናት። «ነጭ ዱቄት በውኃ በጥብጠው በመርፌ ሰጧት» አለች ለሦስተኛ ጊዜ። «ፊቷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ስሙን እንደሆነ ለኔ ማን ነግሮኝ?» ሁለቱም መድኃኒቶች ነጭ ዱቄት ናቸው።

የዚያ ሆስፒታል መዝገብ የሚወጣው በፋክስ ብቻ ነው። ጥያቄው በማኅተም ይሄዳል፣ መልሱ በማኅተም ይመጣል። ሁለቱ ሴቶች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በዚህኛው ሆስፒታል ጸሐፊ ክፍል ውስጥ፣ ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ ማሽን ፊት ቆመዋል።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተር ተምረሽ» አለች አክስት፣ «አንዲት ወረቀት ማምጣት ያቅትሽ?»

«ማሽኑ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እንዴት አድርጌ ልዘዘው?»

አክስት ልትስቅ ብላ ተወችው።

አምስት ሰዓት ላይ ማሽኑ እያቃሰተ ዘጠኝ ገጽ አወጣ። የገባችበት ቀን፣ ትኩሳቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ሁሉም ይነበባል። ስምንተኛው ገጽ ላይ «የማይስማማ መድኃኒት» የሚል የታተመ ርዕስ አለ። ከሥሩ ባዶ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። «አልተጻፈም።»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች አክስት።

«አምንዎታለሁ እናቴ። ግን ዓይንዎ ስሙን አላየም።»

ልጅቱ ደወለች። ማዶ ያሉት ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ «ልጄ» እያሉ ነው የሚያነጋግሯት።

«ባዶ? እንዴት ባዶ ይሆናል? ይኸው በቀይ ተጽፎ እያየሁት።»

ያን ጊዜ ገባት። አደገኛ ነገር ዓይን እንዲስብ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል። የድሮ ፋክስ ማሽን ደግሞ የሚልከውን ወረቀት የሚያነበው በቀይ ብርሃን ነው፤ በቀይ ብርሃን ሥር ቀይ ጽሑፍ ከነጭ ወረቀት አይለይም። አንድ ሐኪም ማንም እንዳይስተው ብሎ ያሰመረበትን፣ ማሽኑ እሱኑ ብቻ ሳተው።

«ያንብቡልኝ፣ አባባ።»

«በቃልም ሆነ በእጅ ተገልብጦ አይሰጥም። ቢፈቀድስ፣ ዶሮ የጫረችው የሚመስለውን የሐኪም ጽሕፈት እኔ ምኑን አነበዋለሁ?»

«ፎቶ ኮፒ አድርገው እሱን ይላኩልኝ። ጥቁር ሆኖ ይወጣል።»

«የፎቶ ኮፒው ቀለም ካለቀ ወር አለፈው።»

«እንግዲያው በስልክዎ ፎቶ ያንሱልኝ።»

«ባለፈው ዓመት አንዷ ባልደረባዬ በዚሁ ተባረረች። እኔ ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ደጃቸውን አልለቅም፣ እንደወጡ አስፈቅዳለሁ።»

ልትጮህባቸው ትችል ነበር። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት ግን ከለከላት። «እሺ፣ አባባ» አለች።

ስብሰባው አላለቀም። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። የእናቷ ጣቶች ቀዘቀዙ፤ ከንፈሯም መልኩን ለወጠ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

«ከእንግዲህ መጠበቁም ይገድላታል። ከሁለቱ አንዱን ልስጣት። ፈቃድሽን እፈልጋለሁ።»

«የትኛውን?»

«ባውቅ አልጠይቅሽም ነበር።»

ሁለቱንም ስሞች ነገራት። ልጅቱ አክስቷን አየች፤ አክስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የመጀመሪያውን መረጠች። ለአፏ ስለቀለላት እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

መርፌው በተሰጠ በአርባ ደቂቃ ውስጥ እናቷ መተንፈስ አቃታት። የኦክስጅን ጭንብል አደረጉላት፣ ሌላ መርፌ ወጓት፣ መጋረጃውን ሳቡት። ሐኪሙ ሲወጣ ጓንቱን አላወለቀም ነበር።

«መርፌው ነው?» አለችው።

«በሽታውም እንዲህ ያደርጋል። ለይቼ መናገር አልችልም።» ከዚያ ቀስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

የአክስቷ ለቅሶ ኮሪደሩን ሞላው። ልጅቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የእናቷን ነጠላ ጫማ በአንድ እጇ ይዛለች። ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ፎቶ ነው። ገና አልወረደም፤ ደብዛዛ፣ መሐሉ ላይ የማውረጃ ቀስት ያለበት። በደብዛዛው ውስጥ ቀይ ነገር ይታያል፤ ርዝመቱ ይታወቃል፣ ፊደሉ አይለይም። ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤

«ልጄ፣ ሳላስፈቅድ አነሣሁት። ለማንም እንዳትነግሪብኝ። አሁን ይነበባል?»

አውራ ጣቷን ቀስቱ አጠገብ አደረሰችና መለሰችው።

ቆየት ብሎ ሌላ መጣ፤ «ደረሰልሽ? እናትሽስ እንዴት ዋሉ?»

ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ አየችው። ያን ቀን አልመለሰችላቸውም፤ ከዚያም በኋላ።