የማይቀዘቅዘው ፍሪጅ

«ማነው ይቺን ማዞሪያ የነካት?»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ጮኸች። ሳሎኑን ሞልተው የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ወሬያቸውን አቋርጠው ተያዩ። ትናንት ወንድሟን የቀበረች ሴት፣ ዛሬ ጥግ ላይ ከቆመ ፍሪጅ አጠገብ ተንበርክካ፣ እጇን ከመሸፈኛው ሥር ሰድዳ ትቆጣለች። ሐዘን ቢያዞራት ነው ብለው አንዳንዶቹ ከንፈር መጠጡላት።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አሉ አጎቷ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚዞር ነገር ባዩ ቁጥር እጃቸው አያስችለውም። «ጎኑን ብነካው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይፋጃል። ፍሪጅ ሠሪ ቤት ፍሪጅ ተበላሽቶ ሲታይ ሰው ምን ይላል ብዬ ወደ ቅዝቃዜው መለስኩት።»

«አልተበላሸም አጎቴ።»

«ይሞቃል እኮ ነው የምልሽ!»

«አሠራሩ እንደሱ ነው።»

«የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ?»

«አዎ፣ የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ! ሁለተኛ እንዳይነካ!»

አጎት ቅር ብሏቸው ተቀመጡ። እሷም ማዞሪያዋን ወደ ቦታዋ መልሳ፣ የእጇን ጀርባ መስተዋቱ ላይ አሳረፈች። በርዷል። ሌሊቱን ሙሉ በስንት መከራ ያሞቀችው ነገር ለአንድ ስኒ ቡና በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ገደል ገባ። ማልቀስ አማራት፤ ግን ለማን አለቀስሽ ቢሏት ምን ትላለች?

በመስተዋቱ ማዶ አንዲት እባብ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ሳሎኑ ውስጥ ካሉት ይህን ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሬሳው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት አክስቷ ይህን ጉዳይ ዘግተውታል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ሰው ሊያስተዛዝነን ሲመጣ እባብ ይጠብቀው? ሆድ ይፍጀው፤ ሸፍኚው» አሏት። እሷም ያደረችው መሸፈኛ ስትሰፋ ነው፤ ከወፍራም የመጋረጃ ትራፊ፣ እስከ መሬት የሚደርስ። ወደ ጓዳ እንዳይገፉት ደግሞ ፍሪጁ ራሱ ግድግዳ ያህላል፤ በበሩ አይገባም። ስለዚህ ሐዘንተኛዋ እህት ከሳሎኑ ጥግ ሳትርቅ፣ ለምን እንደሆነ መናገር ሳትችል፣ እዚያው ተተክላ ዘበኛ ሆነች።

እንደው ቢነገራቸውስ ምን ብላ ልትነግራቸው? «ወንድሜ የሞተ ፍሪጅ ውስጥ እባብ ያሞቅ ነበር» ብላ?

እውነቱ ግን እሱ ነው። ሰፈሩ «በረዶ» እያለ ነበር የሚጠራው። ቀኑን ሙሉ በየሱቁ የማቀዝቀዣ ሆድ ውስጥ እጁን ከትቶ ይውልና፣ ማታ ጣቶቹ እንደ ሚስማር ደርቀው ይገባል። ሰማያዊ ቱታውን እጅጌውን እንደገለበጠ ያወልቅና ሚስማሩ ላይ ይወረውረዋል። እህቱ እየተነጫነጨች እጇን እስከ ክርኗ ትሰድና እጅጌውን ታቀናለች። «ዕድሜ ልኬን የሰው ልብስ ሳቀና ውዬ፣ ማታ ያንተን!» ትላለች። እሱም ይስቃል።

እባቧንም ያገኛት ሥራ ላይ ነው። ድምፁ ተቀይሯል የተባለ የሱቅ ማቀዝቀዣ ሊያይ ሄዶ የኋላ ክዳኑን ሲፈታ፣ ሞተሩ ሥር እንደ ገመድ ተጠቅልላ አገኛት። ማን እንዳሳደጋት፣ ከየት እንዳመለጠች የሚያውቅ የለም። ባለሱቁ መጥረጊያ አንሥቶ ነበር። «ተው፣ በርዷት ነው የገባችው» አለውና በመሣሪያ ቦርሳው ይዟት መጣ።

ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

«ይቺን መቀነትህን ይዘህ ውጣልኝ!»

«መቀነት! ጥሩ ስም አወጣሽላት እትዬ» አለ። ስሟም መቀነት ሆኖ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ሱቆች ለስላሳ የሚያቀዘቅዙበትን ሰፊ ባለ መስተዋት ፍሪጅ፣ ሞተሩ የተቃጠለ፣ በጋሪ አስጭኖ አመጣ። ቅዝቃዜ የሚይዝ ግድግዳ ሙቀትም ይይዛል አለ። በቀኝ በኩል ማሞቂያ ገጠመ፤ ግራውን ለብ ያለ አድርጎ ተወው፤ የድሮዋን ማዞሪያ ሙቀቱን ከሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ጋር አገናኘ፤ የእርጥበት መለኪያ ሰቀለ። ሲሞቃት ወደ ግራ፣ ሲበርዳት ወደ ቀኝ እየሄደች ራሷ ትመርጣለች። «እኛ እንኳ እንዲህ ያለ ምርጫ የለንም» እያለ ይቀልድ ነበር።

አሁን የእርጥበት መለኪያው መርፌ ወርዳለች። ልብስ ሰፊዋ ልብስ ስትተኩስ የምትረጭበትን ጠርሙስ አምጥታ፣ ጭንቅላቷን ከመሸፈኛው ሥር ከትታ ረጨች። ጨመረች። ደግሞ ጨመረች። የእባቧ ዓይን እንደ ወተት ነጥቷል፤ ቆዳዋ አመድ መስሏል። ንዴቷ ጠርሙሱን ሲያስጨምቃት መስተዋቱ ላይ ውሃው ወርዶ ኩሬ ሠራ።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ የሥራ ባልደረባ መጣ። ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» ይሉታል። አልቅሶ፣ ተቀምጦ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲያበቃ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «መቀነትስ?» አላት።

ልታቅፈው ነበር። መሸፈኛውን ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ሽቦ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አንገቱን ብቻ አሰገገ።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ ምንድነው? ጎርፍ ነው እኮ!»

«እርጥበት አይደል የተባለው?»

«እርጥበት ማለት አየሩ ነው፤ መኝታዋ እንዲህ ከራሰ ሳንባዋን ትታመማለች።»

ሳንባ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ሽቦ አፉን በመዳፉ ያዘ። በረዶን የገደለው የሳንባ ሕመም ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች።

«የራሰውን ንጣፍ አንሥተሽ በደረቅ ቀይሪው። ከዚያ አንድ ፎጣ አርጥበሽ፣ ጠብ እስከማይል ጭመቂውና ሣጥን ነገር ውስጥ አድርጊላት። ስትፈልግ ራሷ ትገባለች። የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዋን አትድፈኚባት። ማዞሪያዋን ደግሞ አትንኪ።»

«እኔ መች ነካሁ! እባክህ አንተ ውሰዳት። ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

ሽቦ አቀርቅሮ ጫማውን አየ። «እትዬ... ቴርሞስታቱን ከሱ ጋር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እባብ እፈራለሁ። አንድም ቀን ተከፍቶ እያለ ቀርቤው አላውቅም።»

ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሴቶቹ ግን የምታለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሏት።

ፎጣውን ስትጨምቅ የሆስፒታሉ አልጋ ትዝ አላት። ወንድሟ ትራስ ተደግፎ፣ በየቃሉ መሐል አየር እየለመነ ያወራ ነበር።

«እትዬ፣ ዓይኗ... ደፍርሷል አልሽኝ?»

«አሁን ስለሷ ነው የምታወራው? መጀመሪያ አንተ ተነሥ!»

«እኔማ እነሣለሁ። እሷ ግን ልብሷን ልታወልቅ ነው። ሙቀትና እርጥበት ካነሳት... እላይዋ ላይ ተቀዳዶ ይቀራል። የዓይኗ ሽፋን ካልወጣ ትታወራለች።» ትንሽ አረፈና ፈገግ አለ። «ደግሞ እሷም እንደኔ ናት። ገልብጣ ነው የምታወልቀው።»

«ሁለታችሁንም ያንሣችሁ» አለች ተናዳ።

«እሺ በይኝ።»

«እሺ። በቃ እሺ አልኩህ!»

በዚያው ሌሊት አረፈ። ከሱ ጋር የተነጋገረችው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው፤ ስለ እባብ ልብስ።

ሽቦ በመጣ በማግስቱ ቤቱ ይበልጥ ሞላ። ወንበር አጥሮ ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወጥ ቤት ማንቆርቆሪያው ከእሳት አልወርድ አለ። አንዱ ሞቀኝ ብሎ መስኮት ሲከፍት ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ትዘጋለች፤ ሌላው ሲከፍት ደግማ ትዘጋለች። «ብርድ ገብቷት ይሆናል» ተባለላት። አንዱ ካፖርቱን ፍሪጁ ላይ ጣለ፤ የአየር መተላለፊያውን ደፈነው፤ አነሣችለት። አንዷ ሕፃኗን ሙቀቱ ደስ ብሏት ፍሪጁን አስደግፋ አስተኛች። ልብስ ሰፊዋ ከመናደዷ የተነሣ የሚያጽናኑባትን ቃል እንኳ መስማት አቆመች። መቼ ነው የሚሄዱት? መቼ ነው ይህን በር ዘግታ ብቻዋን የምትሆነው?

ይህን ስታስብ ነው ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ጉሮሮዋ የደረቀው።

«ቀዝቃዛ ውሃ አይጠፋም» ብላ ሰተት አለች፤ መሸፈኛውን ገለበችና የፍሪጁን በር ወለል አድርጋ ከፈተች።

ጩኸቱ ጎዳናው ድረስ ተሰማ። ወንበሮች ተገለበጡ፤ ስኒ ተሰበረ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ከፍሪጁ ጀርባ የወጣውን የኤሌክትሪክ ገመድ ዘሎ የሸሸም ነበር። መቀነት ግን ምንም ስላላየች ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ መልሳ ተኛች።

«ዛሬውኑ ይውጣ!» አሉ አክስት። «አዋረድሽን! ዛሬውኑ!»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው።

«አይወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አይወጣም አልኩ! የለመነኝ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ነገር! እሱን ማዳን አልቻልኩም። ሲታፈን ቁጭ ብዬ አየሁት። ይህችን ማሞቅ እንኳ ያቅተኝ? አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይደፍናል! ሰለቸኝ! ሰለቸኝ እኮ!»

ከቀብሩ ጀምሮ ታፍኖ የነበረው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ማንም አልተጠጋትም። መጨረሻ ላይ አጎት ቀስ ብለው መጡ።

«እና እኔ ነኝ ብርድ የለቀቅሁባት?» አሉ። «ልጄ ስንት ደክሞ ባሞቃት ላይ?»

መልስ አልጠበቁም። ወንበራቸውን እየጎተቱ አምጥተው ከማዞሪያዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው እንደ ፌርማታ ጠባቂ ተገተሩ። «ከአሁን በኋላ በኔ በኩል የሚያልፍ የለም» አሉ። አክስት እያጉረመረሙ የተገለበጡትን ወንበሮች አቆሙ። ፀጉር ሠሪዋም ውሃዋን ከወጥ ቤት ጠጥታ ተመለሰች፤ በሩ አጠገብ ቢሆንም ተመልሳ ተቀመጠች።

የሐዘኑ ቀናት አለቁ። የመጨረሻዎቹ እንግዶች ወንበሩን አጣጥፈው፣ ስኒውን አጣጥበው፣ እግዜር ያጽናሽ ብለው ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። የተመኘችው ይህንን ነበር።

የመቀነት ዓይን ጠርቷል፤ ሽቦ እንደነገራት፣ ከጠራ በኋላ ነው ልብሷን የምታወልቀው። ልብስ ሰፊዋ ደስ ብሏት ልታይ ስትጎነበስ የመለኪያው መርፌ እየወረደች ነው። በሩ ዝግ ነው፤ መስኮቱም። ማዞሪያዋን የነካ የለም። ዞር ብላ ባዶውን ሳሎን አየችና ገባት። እስካሁን ክፍሉን ያረጠበው ያ ሁሉ ሰው ነበር፤ ትንፋሹ፣ ሻዩ፣ እንባው፣ ዝናብ የመታው ካፖርቱ። ስትረግመው የሰነበተችው ሰው እሷን ሲረዳት ከርሟል። እነሱ ሲሄዱ ቤቱ ደረቀ።

ማንቆርቆሪያውን እንግዳ እንደሚመጣበት ሰው አፉ ድረስ ሞላች። ሲፈላ አምጥታ ክዳኑን ከፈተችና ከፍሪጁ መተላለፊያ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። በጀርባዋ በኩል እጅ ተዘረጋ፤ አክስት ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጠብ እስከማይል የተጨመቀ ፎጣ ይዘዋል።

«እንቺ» አሉ። «አላያትም። ግን እንቺ።»

ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የእጇን ጀርባ መስተዋቱ ላይ ስታሳርፍ ለብ ያለ ነው። መቀነት አዲስ ሐር መስላ በቀኝ በኩል ተኝታለች። ሣጥኑ አጠገብ ስስ ነጭ ነገር ተጋድሟል። በሩን ከፍታ፣ እጇ እየፈራ፣ አነሣችው። በሙያዋ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው፤ ቀዳዳ የለው፣ ስንጥቅ የለው። ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ክብ መስተዋቶች አሉ፤ የዓይኖቿ ሽፋን። ሁሉም ወጥቷል። ከአፍ እስከ ጅራት እንደ እጅጌ ተገልብጧል።

«አወለቀች» አለች ለራሷ። «ሳይቀደድባት አወለቀች።»

ቆዳውን ይዛ የወንድሟ ክፍል ገባች፤ የት እንደምታስቀምጠው ግን አላወቀችም። ከበሩ ኋላ፣ ሚስማሩ ላይ፣ ሰማያዊ ቱታው ተሰቅሏል፤ እጅጌው እንደተገለበጠ። ሆስፒታል በሄደበት ቀን አውልቆት፣ እሷም ተናዳ ልታቀናው ሳትደርስ የቀረ ነው።

ቆዳውን አልጋው ላይ አስቀመጠች። እንደ ልማዷ እጇን በእጅጌው ውስጥ እስከ ክርኗ ሰደደች፤ ጫፉን ያዘች። ልትስበው ስትል ቆመች። ጨርቁ ውስጥ እጇን ትንሽ ሞቃት።

ቀስ ብላ እጇን አወጣችና ቱታውን እንደተገለበጠ መልሳ ሰቀለችው።