አራተኛው ነጥብ

የአቋም መግለጫውን ተማሪ ያንብበው ተባለ፤ ከተማሪ አፍ ሲወጣ ያምራልና። መምህር ኸይረዲን ድምፅዋ ጥሩ ነው ብለው ሳሊሀን መረጧት። ቆቦ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ስለ ትምህርት ፖሊሲ የተጠራው ውይይት ሊያበቃ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ የታጠፈ ወረቀት እጇ ላይ ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ተማሪ አልተናገረም፤ ጥያቄያቸው «ሰዓት ገፍቷል» ተብሎ በብጣሽ ወረቀት ተሰብስቧል።

አንደኛውን ነጥብ አነበበች፤ ተጨበጨበ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ ተጨበጨበ። ዓይኗ ቀድሟት አራተኛው ላይ አረፈ። «ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት ያለፈ ተማሪዎች ከቀን ወደ ማታ ትምህርት እንዲዛወሩ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ይላል።

ሳሊሀ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ሦስት ዓመት በልቶባት ዘንድሮ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የምትማረው ቆቦ፣ ቤቷ ግን ራቅ ብላ ያለችው ሮቢት ነው፤ ከመሸ መኪና የለም፤ ቢኖርም እናቷ ሴት ልጅ በጨለማ መንገድ አትልክም። ማታ ማለት ለእሷ መቅረት ማለት ነው።

ዘለለችው። «አምስተኛ...»

«አራተኛዋን ረሳሻት እኮ፣ እቱ!» አሉ ጽሑፉን ያዘጋጁት አቶ አላምረው፣ ከመድረኩ እየሳቁ። «ፊደሉ አነሰብሽ እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ተነሥተው መጡና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ሳሊሀ ማይኩን በመዳፏ ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ይቺ እኔን የምታስወጣ ናት። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ ካንቺ የተሻለ ማን ያነባታል?» አሉ ቀስ ብለው። ለማሾፍ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። ጣታቸው ግን ከወረቀቱ አልተነሣም።

ወደ መምህሯ ተመለከተች። እሳቸው ጫማቸውን ያያሉ።

አነበበችው። «በሙሉ ድምፅ» እስከሚለው ድረስ ሳትንተባተብ ሄደችና ቀና ብላ፣ «እኔ ግን አልተስማማሁም» አለች። ሰዉ የነጥቡን ማለቂያ ለምዶታልና አስቀድሞ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር፤ ቃሏ እዚያው ውስጥ ሰጠመ። አቶ አላምረው ማይኩን ተቀብለው አምስተኛውን፣ ምስጋናውን፣ ራሳቸው ጨረሱት።

በሩ ላይ መምህር ኸይረዲንን አስቆመቻቸው።

«ቲቸር፣ አልተሰማሁም?»

«እኔስ ሰምቼሻለሁ።»

«እንግዲያው ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባልኛ! ሳሊሀ አልተስማማችም ይባልልኝ።»

መምህሩ ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቃለ ጉባኤው እኮ፣ ልጄ፣ ትናንት ነው የተጻፈ።»