የግራ እጁ ምት

የባልንጀራውን ጉድለት ሳያስፈቅደው በስውር የሚያርም ሰው፣ የሚያጠፋው ጉድለቱን ሳይሆን ባልንጀራውን ነው። አረምሁት ባለበት ቀን የጀመረው ጸጸትም አብሮት ይኖራል እንጂ በይቅርታ ብዛት አይቀልለትም። ይህ እውነት በታላላቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ የሚገለጥ አይደለም፤ በአንድ አናጢ ሥራ ቤት ጓሮ ይለማመዱ በነበሩ ሦስት የሮክ ሙዚቀኞች ላይም ተፈጽሟል።

ሦስቱ አብረው መጫወት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። በዕድሜ የሚበልጠው ድራመር በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ሲሆን፣ የልምምዱ ክፍልም የእርሱ ነበር። ጊታር እየተጫወተ የሚዘፍነው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በቀን ሒሳብ ያስተምራል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሦስተኛው ሰው ማንኛውንም ነገር፣ ሌላው ቀርቶ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚለውን እንኳ፣ እጅ ወጥቶ ካልተወሰነ በቀር ስለማይቀበል «ሊቀ መንበሩ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

የጓሮው ክፍል ጠባብ ነበር። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ድራሞቹ ላይ ያረፈው ሰጋቱራ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ማጉያውም ከቫርኒሽ ቆርቆሮዎቹ ራቅ ይደረጋል። ገዢ ያጡ በሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደግፈው ስለሚቆሙ ሊቀ መንበሩ በገባ ቁጥር፣ «ይህን ሁሉ በር ይዘን አንዱ እንኳ ወደ ዝና አላስገባንም» ይል ነበር።

እነዚህ ሰዎች አንድ የጸና ደንብ ነበራቸው። ሲቀርጹ ሦስቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ፣ ዘፈኑን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳያቋርጡ ይጫወታሉ። የተሳሳተ ሰው ማንም ሳይነግረው እጁን ያወጣል፤ ሁሉም ያቆማሉ፤ ምን ሆንህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እንደገና ይጀመራል። በሃያው ዓመት ውስጥ አንዱ የሌላውን ስህተት ጠቁሞ አያውቅም። እጅ የሚወጣው በባለቤቱ ብቻ ነበር።

ዘፈኖቻቸው ሁሉ የሐዘን ነበሩ። «የእናንተን ሙዚቃ የሚሰማ ሰው መሐረብ ይዞ ይምጣ» እየተባሉ ኖረዋል፤ ስድቡንም እንደ ምስጋና ለምደውት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ድራመሩ ጣውላ ሲልግ መላጊያው ከግራ እጁ ወደቀ። ሊያነሣው ቢያጎነብስም እጁ አልታዘዘውም። ስትሮክ የሚባለው በሽታ ግራ ጎኑን ሁለት ዓመት ያህል ይዞት ቆየ። ሐኪሙ እጁን እንዲያሠራበት የላስቲክ ኳስ ቢሰጠው፣ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ ኳሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ወደ ድራሙ ተመለሰ። መደበኛው የመምቻ እንጨት ከጣቶቹ እያመለጠ ስላስቸገረው፣ ለግራ እጁ ወፍራም እንጨት ራሱ ልጎ አበጀ። በዚያ እንጨት አንድ ዘፈን ሳያቋርጥ የጨረሰ ዕለት፣ ሚስቱ ከበሩ ላይ ቆማ ነበርና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ድምፃዊው በዚያው ሳምንት አዲስ ግጥም ይዞ መጣ። ግጥሙ ከወደቀበት ስለሚነሣ ሰው ይናገራል፤ ዜማውም እስከዚያ ቀን ከተጫወቱት ሁሉ የከበደ ነበር። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ? ይህ እኮ ማንንም አያስለቅስም።»

«ማልቀሱ ይበቃናል» አለ ድምፃዊው። «ጋሼ ድኖ እያየነው ስለ ሞት ብንዘፍን ነውር ነው።»

«እንግዲያው በደንቡ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ አናለቅስም የሚል እጁን ያውጣ።»

ሁለት እጆች ወዲያው ወጡ። የድራመሩ ግራ እጅ ግን ቀስ እያለ፣ ከሁሉም ኋላ ወጣ።

«ቀኝህን ብታወጣ እስካሁን ስብሰባው ተበትኖ ነበር» አለው ሊቀ መንበሩ።

«የሚዘፈነው ስለዚህኛው እጅ ነው፤ እርሱው ይምረጥ» አለ ድራመሩ። ሦስቱም ሳቁ።

በዚህ ሁኔታ ስምንት ዘፈኖች ተዘጋጁ። ስቱዲዮው ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ያለ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ክፍል ነበር። የድራመሩ እጅ ከቀትር በኋላ ስለሚዝል የቀረጹት አራት ቀን፣ በጠዋት በጠዋት ነው። በመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ላይ ወፍራሙ እንጨት ሸርተት ብሎ የድራሙን ጠርዝ ነካ፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅም ተሰማ። ድራመሩ እጁን ሊያወጣ ሲል ድምፃዊው በዐይኑ «ተወው» አለው፤ እነርሱም ዘፈኑን ጨረሱት።

«እጄን ላወጣ ነበር እኮ» አለ ድራመሩ ላቡን እየጠረገ።

«ይቅር ጋሼ። እንደውም አምሮበታል።»

ሊቀ መንበሩ ድምፅ አሰጠ፤ ያች ስህተት በሙሉ ስምምነት እንድትቀመጥ ተወሰነ።

ድምፃዊው ግን ቅጂውን ይዞ ቤቱ ሲገባ አሳብ ገባው። ሒሳብ አስተማሪ ነውና ምቱን በሰዓት መለካት ጀመረ። የድራመሩ ግራ እጅ ሁልጊዜ ከቦታው በጥቂቱ ዘግይቶ ይወርድ ነበር። ዘፈኑን ያከበደው ይህ መዘግየት፣ ሸክም አንሥቶ ዳገት የሚወጣ ሰው እርምጃ የሚመስለው ይህ ነገር መሆኑን አልተረዳም፤ ክብደት ማለት ጉልበት መሰለው። ተማሪው የተሳሳተውን በቀይ ቀለም ማስተካከል የለመደ ዐይኑ፣ የእህቱን ባል ምትም እንዲሁ አየው። በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላም ምቱ ዝንፍ ስለማይል «ማሽኑ» የሚባል ቅጥር ድራመር ይዞ ወደ ስቱዲዮው ሄደ፤ የስምንቱንም ዘፈኖች ድራም አስለወጠ።

የድምፅ ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጠየቀው።

«ጋሼ ያውቃል?»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሲያልቅ። አሁን ለምን ልቡን እሰብራለሁ?»

«የበፊቱን ላስቀምጠው?»

«አጥፋው። ሁለት ቅጂ ካለ አሳቤ ይከፈላል።»

እንዲህ ማለቱ ሐሰት ነበር። የፈራው የአሳቡን መከፈል ሳይሆን ምስክር መቅረቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ሊነግረው ሦስት ጊዜ ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ድራመሩ ቫርኒሽ እየቀባ ስለ ነበር ይጨርስ ብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ደስ ብሎት አገኘውና ደስታውን አላጠፋም አለ። በሦስተኛው ቀን ምንም ምክንያት ስላላገኘ ስለ አየሩ ተነጋግረው ተለያዩ።

አልበሙን በአንድነት የሰሙት እሑድ ጠዋት፣ በድራመሩና በድምፃዊው እህት ሳሎን ነበር። እህትየው መጋረጃውን ከፍታ፣ ባሏን በማጉያው ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር የድራመሩ ግራ እጅ በጉልበቱ ላይ መምታት ጀመረ፤ ገና ብዙም ሳይሄድ ቆመ። ድራመሩ ጥቂት አዳመጠና ያንኑ እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ።

ድምፃዊው ከልማድ የተነሣ ሙዚቃውን አቆመው።

«ምነው ጋሼ» አለ ሊቀ መንበሩ፣ «ልንሰማ ነው እንጂ ልንቀርጽ መሰለህ እንዴ?»

«ስህተቴ የለችም» አለ ድራመሩ። «ያች ጠርዙን የነካሁባት። የት ሄደች?»

ሊቀ መንበሩ ወደ ድምፃዊው ዞረ፤ እህትየውም ተመለከተችው። ድምፃዊው በዚህች ሰዓት እጁን ቢያወጣ ኖሮ ሌላው ሁሉ ይቀር ነበር፤ እንደገና ይጀመር ነበርና። እርሱ ግን ሁለቱን እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ተቀመጠ።

«ባለሙያው አጽድቷት ይሆናል» አለ።

«አንተ አታውቅም?» አለች እህቱ።

«አላውቅም እትዬ።»

«ተይው» አላት ባሏ። «ይቀጥል።»

ድራመሩ ስምንቱንም ዘፈኖች እስከ መጨረሻው ሰማ። እጁን ከዚያ በኋላ አላንቀሳቀሰም። ሙዚቃው ሲያልቅ ለእንግዳ በሚገባ ትሕትና ተናገረ።

«ልጁ ጎበዝ ነው። ግራው ልክ እንደ ቀኙ ነው። ማን ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ተነሥቶ ወደ ሥራ ቤቱ ወጣ። እህትየው ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «እኔ ነኝ እጁን ይዤ ማንኪያ ያስጨበጥሁት» አለችው።

በማግሥቱ ድምፃዊው የስቱዲዮውን ደረጃ በሩጫ ወጣ።

«የበፊቱን ቅጂ መልስልኝ።»

«አጥፋው ያልከኝ አንተ ነህ» አለ ባለሙያው።

«ሙሉ በሙሉ ነው ያጠፋኸው?»

«እኔ ግማሽ ሥራ ሠርቼ አውቃለሁ?»

ከዚያ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ። ድራመሩ በቀኝ እጁ እርሳስ ይዞ ጣውላ ላይ መስመር ያሰምር ነበር።

«ጋሼ፣ ጥፋተኛ ነኝ። እንደገና እንቅረጸው። ሁሉንም ዘፈን፤ አንተ በፈለግህበት ቀን።»

ድራመሩ መስመሩን ጨረሰ።

«ምቴ ደካማ ነው ብትለኝ ልክ ነህ እል ነበር። እጄን ማውጣት ግን የኔ ፋንታ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም የማንንም እጅ አውጥቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«አልበሙ ይውጣ። ግጥሙ ውሸት የለበትም። ስሜን ግን ፋቁት፤ ያልመታሁትን መታ አትበሉኝ።»

አልበሙ ወጣ፤ ሰውም ወደደው። ከባድነቱና ተስፋው ባንዱን እንደ አዲስ ወለደው ተባለ። አንዲት ሴት ለድምፃዊው በጻፈችው ደብዳቤ፣ አባቷ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ የተነሣው የመጀመሪያውን ዘፈን ሰምቶ እንደሆነ ገልጻ፣ «ይህን ድራም የመታውን ሰው አመስግኑልን» ብላለች። ድምፃዊው ደብዳቤውን ለማን እንደሚሰጠው ስላላወቀ ከደብተሮቹ መካከል አስቀመጠው። ዛሬም እዚያው ነው።

ድራመሩ ከዚያች እሑድ በኋላ ድራም አልመታም። በድራሞቹ ቦታ በሮች ደረደረበት። ኳሱም ከመሳቢያው አልወጣም። ስድስት ወር ሳይሞላ ግራ እጁ እንደገና ተሳሰረ፤ መላጊያ መያዝ ስላልቻለ መላጉን ሌላ አናጢ ቀጥሮ ያሠራው ጀመር። ሐኪሙ ከመሻል በኋላ የመጣው የዚህ ድካም ምክንያት ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሚስትየው «መሥራት ተወ» ብላ መለሰች፤ ወንድሟን ግን አልወቀሰችም። ድምፃዊው ይህን በሰማ ጊዜ ምነው በወቀሰችኝ ብሎ ተመኘ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊቀ መንበሩ ሁለቱን በጓሮው ክፍል ሰበሰበ። የሚቀመጡበት ስላልነበረ በተደረደሩት በሮች ላይ ተቀመጡ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ግን ተወው።

«ድምፃዊው ከባንዱ ይውጣ የሚል እጁን ያውጣ» አለ። የራሱንም አወጣ።

ድምፃዊው ቀኝ እጁን አወጣ፤ ያን እሑድ ማውጣት የነበረበትን እጅ። ድራመሩ አላወጣም። ግራ እጁ በጉልበቱ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ፤ ቀኙም አልተነሣም። ምሕረት ይሁን ወይም ድካም፣ ድምፃዊው ሊጠይቀው አልደፈረም።

ሊቀ መንበሩ፣ «ከሦስት ሁለት» አለ፤ በደንባቸው መሠረትም ውሳኔው ጸና። ድምፃዊው የጓሮውን በር ቁልፍ በጣውላው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ስምንቱን ዘፈኖች በማንኛውም መድረክ እንዳይዘፍን ተከለከለ፤ ክልከላውንም ይጠብቃል። ባንዱ ፈርሷል። እርሱ ዛሬም ሒሳብ ያስተምራል፤ ጊታር አይነካም። ወደ እህቱ ቤት በየእሑዱ ይሄዳል፤ በሩም ይከፈትለታል፤ የእህቱ ባል ግን እርሱ በሚመጣበት ሰዓት ወደ ሥራ ቤቱ ይወጣል፤ እስኪሄድም ድረስ አይመለስም።