የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይሆናል

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ንግሥት ኢንገፍሪድን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ያቃጠላት ግን የልጇ አቀባበር ነው፤ ለዚያም ከራሷ በቀር የምታማው ሰው አልነበራትም።

ንጉሥ ኤስበንን በአሥራ አራት ዓመቱ፣ በነሐሴ ሙቀት፣ በቮርዲንግቦር ግንብ ውስጥ ትኩሳት በሦስት ቀን ገደለው። እናቱ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስምንት ዓመት በልጇ ስም አገር ስትገዛ ኖራለች። የልጁ ሞት ከተሰማ ማኅተሙ ከእጇ ይወጣል። የባሏ ወንድም ደግሞ በደቡብ ድንበር ጦሩን አስፍሮ ይህችን ቀን ነው የሚጠብቀው። መኳንንቱ በሪንግስቴድ ሊሰበሰቡ ስምንት ቀን ቀርቷቸዋል። እስከዚያ ዝም ካለች፣ በልጇ ሳይሆን በራሷ ስም ታስምላቸዋለች።

«ደወሉ እንዳይደወል» አለች። «ንጉሡ ታሟል በሉ።»

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ደወል ይደወላል። የሰማ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ለነፍሱ ይጸልያል። ካልተደወለ ማን ይጸልያል? ነፍስ መንገዷን ብቻዋን ትሄዳለች። ሞግዚቷ ቦዲል ይህን መቀበል አቃታት። እናትንም ልጅንም ያሳደገች አሮጊት ናት፤ እንደ ልቧ ትናገራለች።

«እመቤቴ፣ ለሰካራሙ ኢቨር እንኳ ተደውሏል! ለንጉሥ ይቅር?»

«ስምንት ቀን ብቻ ነው ቦዲል። ሆድ ይፍጀው።»

«የማን ሆድ? የኔው እንደሆነ አርጅቷል፣ አይችልም።»

በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ምስጢር አልጠብቅ አለ። ንግሥቲቱ ከግንብ አዛዦቿ ጋር ልትቀመጥ ስትወርድ ቦዲል ደረጃው ላይ ያዘቻት።

«ዛሬ መቀበር አለበት። ይምጡና ይሰናበቱት።»

«ዓይኔ ቀልቶ ከገባሁ ያውቁብኛል። አንቺ ጨርሺው።»

ቦዲል ያን ጊዜ «እርስዎ» ማለቱን ተወችው። «ኢንገፍሪድ፣ ልጅሽ እኮ ነው! ኋላ ይጸጽትሻል።»

«እንግዲያው ኋላ ይጸጽተኝ» አለችና ወደ አዳራሹ ገባች።

ቦዲል ከግንቡ ቄስ ጋር ሆና ልጁን በባሕሩ ዳር ወዳለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ወሰደችው። የልጅ ልጄ ነው አለች። መንደርተኞቹም አላወቁ፣ እንደ ወጋቸው ደወሉን ደወሉ። ድምፁ እስከ አዳራሹ ደረሰ። አዛዦቹ አማተቡ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ አንዱ።

ንግሥቲቱ ታውቃለች። አንገቷን እንኳ አላዞረችም።

«የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይሆናል» አለች። «ወደ ነገራችን እንመለስ።»

በሪንግስቴድ ሁሉም ማሉላት። ከዚያ በኋላ በአገሩ ሁሉ ተደወለ፣ በድንጋይ የተሞላ ሣጥንም በታላቅ ክብር ወደ ካቴድራሉ ገባ። እውነተኛውን ሬሳ ማውጣት ውሸቷን ማውጣት ነው፤ መሐላውም ይፈርሳል። እሷም በፍትሐቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ የትኛው መስፍን እንደመጣ፣ የትኛው እንደቀረ ስታይ ዋለች። ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

መጸጸቱ በጥቅምት መጣ፣ እንቅልፏንም ይዞባት ሄደ። ቦዲል የልጅ ልጄ ብላ እንደቀበረችው ብቻ ነግራት በዚያው ወር ሞታ ስለነበር፣ የት ጋ ነው የቀበርሽው ብላ የምትጠይቃት እንኳ አጣች፤ ቄሱን መጠየቅ ደግሞ አፈረች። የአሮጊቷን ያረጀ ካባ ለብሳ ብቻዋን ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር ወረደች። አንዲት ሴት የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ መረብ ዘርግታ ትጠግናለች።

«እትዬ፣ ዓሣ እንደሆነ አልቋል።»

«ዓሣ አልፈለግሁም። የቦዲል የልጅ ልጅ የት ነው ያረፈው?»

«ከግንቡ ነሽ? የሠራተኛ ካባ ለብሰሻል፤ እጅሽ ግን ሽንኩርት ልጦ የሚያውቅ አይመስልም።» ሳቀችና ሣር ማብቀል የጀመረ ጉብታ አሳየቻት። «ያውልሽ። ምስኪን! ባሌ ነው የተሸከመው። አሮጊቷ ማበጠሪያውን ብትሰጠኝ ፀጉሩን እኔ አበጠርኩለት። እናቱስ ብንላት ‹ሥራ ይዟት ነው› አለችን። እስቲ አሁን ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

ንግሥቲቱ ወደ ጉብታው ጠጋ አለች።

«ልጁን ታውቂው ነበር?» አለቻት ሴትዮዋ።

ልትክድ አስባ ነበር፣ አገሩ በዚህ ክህደት ላይ ቆሟልና። ግን ምን እንደሚያስቀው፣ ምን መብላት እንደሚወድ ለማስታወስ ሞከረች፤ ያን ቀን ከአዛዦቿ ጋር ከቆጠረቻቸው ግንቦች ብዛት በቀር የመጣላት ነገር የለም።

«ብዙም አላውቀውም ነበር» አለች።

«እንግዲያው ቁጭ በይ፣ አሮጊቷ እያለቀሰች ያወራችልንን ልንገርሽ።» ሴትዮዋ መረቡን ገፋ አደረገችላት። «ነጎድጓድ ይፈራ ነበር አሉ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ተነስቶ እናቱ ደጃፍ ሄዶ ይተኛል። አያንኳኳም። ሥራ ላይ ናት፣ አልረብሻትም ብሎ።»

ንግሥቲቱ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለች።